እንግዳ ወርቅ ነው ወይስ ብር?

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» ይላሉ አባቶች ሲተርቱ። ተረቱ የተተረተው ቤት ገብቶ የሚያድር፣ ከወጡ የሚቀምስ፣ ከመደቡ የሚጋደም እንግዳ ታስቦ ነው። ጎንደር ላይ ግን የተረቱ ቅደም ተከተል የተፋለሰ ይመስለኛል። ሻንጣውን እየጎተተ ከአውሮፕላን የሚወርደው እንግዳ ወርቅ የሚሆንበት ቀን የለውም፤ ከበሩ ላይ ብር ሆኖ ይጀምራል። ዋጋ ይጠራለታል፤ ይደነግጣል፤ ግማሹን ይላል፤ ይስቁበታል፤ ጥቂት ይቀነስለትና ይሳፈራል። ከተማዋን ገና ሳያያት ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ተማረ ማለት ነው። የተማረው ነገር ምን ይሆን? ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ነው።

ስለ ታክሲ ሒሳብ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን የጥንት ተጓዦችን ማስታወሻ ያገላበጠ ሰው አይስቅም። ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ገደሉ ከጻፉት ባላነሰ ስለ በቅሎው፣ ስለ ኬላው ቀረጥ፣ ስለ መንገድ መሪውና ስለ እጅ መንሻው ጽፈዋል። መንገድ ባለበት ሁሉ የመንገድ ሒሳብ አለ። አንድ አገር እንግዳውን እንዴት እንደሚያይም ከዚያ ሒሳብ ላይ ይነበባል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 በስናር በኩል አድርጎ ጎንደር ገባ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በትግራይ አልፎ፣ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ደረሰ። ብሩስ ምጽዋ ላይ ከናይቡ እጅ አምልጦ ጉዞውን ለመጀመር ሳምንታት ፈጅቶበታል፤ እያንዳንዱ እርምጃ እጅ መንሻ ይጠይቅ ነበርና። ጎንደር ከገባ በኋላ ግን ቁስቋም ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ የያዛቸውን ሕሙማን በማከሙ ሞገስ አገኘ፤ ባለሟልም ሆነ። መንገዱ ላይ የተመዘነው በከረጢቱ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ግን በሙያው ታወቀ። ዛሬም የእንግዳው ዕጣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚዋልል ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ደግ ዘመን ማልቀስ የሚወዱ ወዳጆቼ «ድሮ እንግዳ ይከፍል ነበር እንዴ?» ይሉኛል። አይከፍልም ነበር፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ድርጎ የሚባል ነገር ነበር። ንጉሥ ወይም መስፍን የተቀበለው እንግዳ በደረሰበት መንደር ሁሉ እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ የበቅሎው ገፈራ ሳይቀር እንዲቀርብለት ይታዘዝ ነበር። ያዘዘው ጌታው ነው፤ ያቀረበው ግን ገበሬው ነው። እንግዳው በነጻ ሲጓዝ ባላገሩ ከጎተራው እየዛቀ ከፍሎለታል። ስለዚህ የእንግዳ መንገድ በታሪካችን ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ የሚለዋወጠው ከፋዩ ብቻ ነው። በድርጎ ዘመን ሸክሙ ባላገሩ ላይ ወደቀ፤ በኮንትራት ዘመን ተገልብጦ እንግዳው ላይ ወደቀ። በሁለቱም ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ እርሱም እንግዳውን እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆጥሮ የወንበሩን ዋጋ መቀበል ነው።

«ኮንትራት» የምትለዋን ቃል ጎንደር የረገጠ ሁሉ ያውቃታል። ታክሲው ወይም ባጃጁ በመስመር ሲሠራ በሰው ሒሳብ ያስከፍላል፤ በኮንትራት ሲያዝ ግን መኪናው እንዳለ የአንድ ሰው ይሆናል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ሒሳቡ የት እንደሚያደርስ ግን አብረን እናስላው። አንድ እንግዳ ከጎንደር ደባርቅ ለመሄድ ባለ 12 ወንበር ሚኒባስ ያዘ እንበል። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩ መጀመሪያ የ12ቱን ወንበር ዋጋ ያስባል። ቀጥሎ ደባርቅ አራግፎ ባዶውን እንደሚመለስ ያስባል፤ በመናኸሪያው ተራ ያልያዘ መኪና እንደ ልቡ ተሳፋሪ መጫን አይችልምና። 12 ሲደመር 12፣ 24 ወንበር። እንግዲህ ማንም ማንንም ሳያታልል፣ ማንም ሳይዋሽ፣ አንድ እንግዳ የ24 ሰው ሒሳብ ተሸከመ ማለት ነው። ሾፌሩ ለአንድ ሌሊት ቢጠብቀው ደግሞ የቆመበት ቀን ይታሰባል። «የፈረንጅ ዋጋ» የምንለው ጭማሪ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህን ስሌት ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የጎብኚው መንገድ የተወደደው በሾፌሩ ክፋት ነው የሚል ወሬ በየሆቴሉ ስለምሰማ ነው። ከዋጋው አብዛኛው የሾፌሩ ክፋት የወለደው አይመስለኝም፤ የባዶ ወንበር ዋጋ ነው። ክፋት በስብከት ይታከም እንደሁ እንጃ፤ ባዶ ወንበር ግን በሰው ይሞላል። አራት እንግዶች ሆቴላቸው ውስጥ ተነጋግረው አንድ መኪና ቢይዙ 24ቱ ለአራት ይካፈልና ለእያንዳንዳቸው ስድስት ይደርሳቸዋል። ለሚመለሰው መኪና ደባርቅ ላይ ተራ ቢሰጠውና ተሳፋሪ ቢጭን ደግሞ ስድስቱ ሦስት ይሆናል። ማንም አልተጎዳም፤ ማንም አልተለመነም።

ለሾፌሩም ጥብቅና ልቁምለት። ብዙውን ጊዜ መኪናው የእርሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው የታወቀ ገንዘብ አለ፤ ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም ያስገባል። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ሸክሙ በእርሱም ላይ አርፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብር ተሻገረ፤ ጎማውና መለዋወጫውም ዶላሩን ተከትሎ ወጣ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳው ጠፋ። በ2012 ዓ.ም ወረርሽኙ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት የጎብኚውን መንገድ ቆራረጡት። ለወራት ፈረንጅ ያላየ ሾፌር አንድ እንግዳ ሲያገኝ የወራቱን ገቢ ከአንድ ሰው ኪስ ለማውጣት ቢፈተን፣ ፈተናው ይገባኛል።

ይሁን እንጂ መረዳት ሌላ፣ መስማማት ሌላ ነው። የማልስማማበት ነገር ዋጋው አለመጻፉ ነው። የፋሲል ግንብ መግቢያ ላይ ለውጭ ዜጋና ለኢትዮጵያዊ የተለያየ ዋጋ አለ፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም እንዲሁ። እንግዳው ይህን አንብቦ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ይቀበላል፤ እንደ ተበደለ አይሰማውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከእርሱ በፊት የገባውም ከእርሱ በኋላ የሚገባውም ያንኑ ይከፍላል። የባጃጁ ዋጋ ግን የሚነበበው ከእንግዳው ጫማ፣ ከካሜራውና ከፊቱ ቀለም ላይ ነው። ከአሜሪካ ለጥምቀት የመጣች የእኛው ልጅ አማርኛዋ ትንሽ ከተንሸራተተ ለእርሷም ይኸው ዋጋ ይወጣላታል። በተወለደችበት ከተማ ባዕድ መሆኗን የሚነግራት የመጀመሪያው ሰው ሾፌሩ ይሆናል። ይህ ከብሩ በላይ ያማል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ፤ ረከስ ያለ መንገድ ለሚሻ እንግዳ፣ ወይም እንግዳ ለሚመጣበት አንባቢ።

አንደኛው መንገድ እግር ነው። ጎንደር በእግር ለመታየት የተሠራች ከተማ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም ገደማ ሲቆረቁሯት፣ ተከታዮቻቸውም ግንብ በግንብ ላይ ሲጨምሩባት፣ መለኪያው የእግረኛና የበቅሎ እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ከፒያሳ አጠገብ ነው፤ ታክሲ የሚያስፈልገው የለም። በክንፋም መላእክት ፊት ጣሪያዋ ያጌጠው ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከመሐል ከተማው ሩቅ አይደለችም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ላቡ ሳይወርድ ይደርሳል። የጥምቀት ውኃ የሚሞላበት የፋሲል መዋኛ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ነው፤ እርሱም በእግር ይደረሳል። ቁስቋም ግን አቀበት አለባት፤ ስትወጡ በባጃጅ፣ ስትወርዱ በእግር ብትሉ የተሻለ ነው። ለቁልቁለት የሚከፈል ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው መንገድ መስመር ነው። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ከተማውን የሞሉት ሰማያዊ ባጃጆች በመስመር ሲሠሩ በሰው ያስከፍላሉ፤ ሚኒባሶቹም እንዲሁ። ቁልፉ ሁለት ቃል ማወቅ ነው። እንግዳው «ኮንትራት አይደለም፤ በመስመር» ማለት ከቻለ ግማሹን መንገድ ሄደ። ከመሳፈሩ በፊት ከአጠገቡ የቆመውን ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያገሬ ሰው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል፤ አብሮም ይሳፈርለታል። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከአዘዞ ወዲያ ነው። አዘዞና ፒያሳን ሚኒባስ ያገናኛቸዋል፤ ሻንጣው ቀላል የሆነ እንግዳ እስከ አዘዞ ደርሶ ከዚያ እንደ ሰው ሊሳፈር ይችላል። ሻንጣው የከበደበትስ? ክፍል ሲይዝ ሆቴሉን «መኪና ትልኩልኛላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ እንግዳቸውን በራሳቸው መኪና የሚቀበሉ ሆቴሎች አሉ።

ሦስተኛው መናኸሪያ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ የተገኘ እንግዳ ደባርቅ ለመድረስ መኪና መያዝ አያስፈልገውም፤ ወንበር መያዝ ይበቃዋል። የአገር አቋራጭ ታሪፍ በመኪናው ደረጃና በኪሎ ሜትር ተሰልቶ የሚወሰን ስለሆነ ለባላገሩም ለፈረንጁም አንድ ነው፤ ረዳቱ ለሻንጣው ጥቂት ቢጨምርበት ግር አይበለው። መንገዱ ወለቃን አልፎ፣ የኮሶዬን ገደል በጎን እያሳየ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ ያደርሳል። በዚያ ወንበር ላይ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ከሒሳብ ውጭ ነው። አንዲት እናት ዳቦ ቆርሳ «እንካ ልጄ፣ ቅመስ» ትለዋለች። ሽማግሌው «ከየት አገር ነህ? እናት አባትህ በሕይወት አሉ?» ብለው በሌላው አፍ ያስጠይቁታል። መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚለውን የማያልቅ ክርክር ይሰማል። በኮንትራት መኪና የሄደው እንግዳ ይህን ሁሉ በመስተዋት ውስጥ አይቶት ያልፋል። ሀያ አራት ወንበር ከፍሎ አንድም ጎረቤት አላገኘም።

በዚህ ዘመን ግን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ጽሑፌ ሐሰት ይሆናል። ርካሽ የሚባለው መንገድ መጀመሪያ ሰላም የሆነው መንገድ ነው። ግጭት ባለበት ወቅት ዛሬ ክፍት የነበረው ነገ ይዘጋል፤ ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ የመናኸሪያው ሰው ያውቃል። እርሱ «ዛሬ አይኬድም» ካለ አይኬድም። በሌሊት የሚበርሩ መኪናዎችንም፣ ከጭነት አናት ላይ መቀመጥንም በርካሽነታቸው ብቻ አልመክርም። ነፍስ ታሪፍ የላትም።

ደባርቅ ከደረስን በኋላ የሚገርም ነገር እናገኛለን። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው። እዚያ እንግዳው መግቢያውን ይከፍላል፤ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ ይይዛል። የበቅሎና የባለ በቅሎ ዋጋ በቀን የታወቀ ነው፤ ሥራውም በተራ ይደርሳል። ዛሬ ተራው የደረሰው ገበሬ በቅሎውን ይዞ ይወጣል፤ ነገ ደግሞ የሌላው ቀን ነው። ፓርኩ ውስጥ የሚያስገባው ባለ አራት ጎማ መኪና ግን ዋጋው በአብዛኛው በድርድር ነው። በቅሎ ታሪፍ ሲኖራት መኪና የለውም! ከሁለቱ ማን ሠለጠነ እንበል?

ለበቅሎዋ መንገድ ምስክርነት ልስጥ። ከደባርቅ ሳንቃ በር በመኪና መሄድ ይቻላል፤ በእግር መሄድም ይቻላል። የሚያነክሰውንና የሚቸኩለውን መኪናው ይውሰደው። ጊዜ ያለው ሰው ግን ጓዙን በበቅሎ ጭኖ፣ በቡይት ራስ በኩል በገደሉ አፋፍ እየተጓዘ፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያየ ሳንቃ በር ቢደርስ፣ ከዚያ ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ቢቀጥል፣ የመኪናውን ኪራይ አተረፈ፤ ዋልያውንም በመኪና ድምፅ አላስበረገገም። የከፈለው ገንዘብ ደግሞ በባለ በቅሎው ቤት እህል ይሆናል፣ ደብተርም ይሆናል። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ለፓርኩ ሲባል ደጋውን ለቀው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ከፓርኩ የሚተርፍለት ነገር ቢኖር ይህን የመሰለ የቀን ሥራ ነው። ስለዚህ «ርካሽ ጎብኚ አገር አይጠቅምም» የሚሉትን አልቀበላቸውም። ባለጠጋው ጎብኚ ብዙ ከፍሎ ከሁለትና ከሦስት እጅ በላይ ላይደርስ ይችላል፤ ጥቂት የሚከፍለው ደግሞ ለረዳቱ፣ ለባለ ሻዩዋ፣ ለባለ በቅሎው፣ ለስካውቱ ሲያካፍል ይውላል።

«ፈረንጅ ዶላር አለው፤ ቢከፍል ምን ይጎዳዋል?» ለሚሉም መልስ አለኝ። ይክፈል። ከእኛ የበለጠ ይክፈል ቢባል እንኳ አልቃወምም፤ ግንቡም ፓርኩም እንዲሁ ያደርጋሉ። ብቻ ተጽፎ ይክፈል። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር፣ ከፒያሳና ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዳንድ ሰሌዳ ይቁም፤ ከዚህ እዚያ በሰው ይህን ያህል፣ በኮንትራት ይህን ያህል፣ መመለሻውን ጨምሮ ይህን ያህል ይበል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ሰሌዳው በየጊዜው ይታደስ፤ ነዳጅ ሲወጣ ይውጣ፣ ሲወርድ ይውረድ። የአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲዎች እንደ ደባርቅ በቅሎዎች በተራ ይሥሩ፤ ተራ ያለው ሰው አይጣደፍም፣ ሻንጣም አይነጥቅም። አዲስ አበባ ላይ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉት አገልግሎቶች ሒሳቡን በስልክ ላይ ሲያሳዩ የንትርኩ ወሬ ምን ያህል እንደ ቀነሰ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃል። ሾፌሩ አልተቀየረም፤ ቁጥሩ ግን ለሁለቱም በእኩል ታየ።

ከዚህ የሚያተርፈው እንግዳው ብቻ አይደለም። ሐቀኛው ሾፌር ከማንም በላይ ያተርፋል። ዛሬ ትክክለኛ ዋጋ የሚጠራው ሰው እንደ ሌባ ይጠረጠራል፤ እንግዳው በመጽሐፉ ላይ «ግማሹን በል» የሚል ምክር አንብቦ መጥቷልና እርሱንም ግማሽ ይለዋል። እውነተኛውና ቀማኛው በአንድ ዓይን ሲታዩ እውነተኛ መሆን ኪሳራ ይሆናል። የተጻፈ ዋጋ ለእውነተኛው ሰው ምስክሩ ነው።

ወደ ተረቱ ልመለስና ላብቃ። ወርቅ፣ ብር፣ ብረት ነበር ቅደም ተከተሉ። የመጨረሻውን ሁላችንም እንደ ስድብ እንሰማዋለን፤ የሰለቸ እንግዳ ማለት ነውና። እኔ ግን ብረትን ለሌላ ነገር እፈልገዋለሁ። እንግዳው በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ይሁን፤ ሒሳቡን ሲከፍል ብር ይሁን፤ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ከመናኸሪያው ደጅ ይቁም። መንገዱ ሰላም ሆኖ እንግዳው የተመለሰ ዕለት ሰሌዳው ቀድሞ ቆሞ ቢጠብቀው ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን።